ለቅምሻ ኮሚቴው ሰብሳቢ፦ ስለ ምራቴ ሾርባና ስለ ክቡር ምላስዎ

ለከተማችን የምግብ ቤቶች ቅምሻና ደረጃ ምደባ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን ጽኑ ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ሆድዎ ይስማማው፣ ጉልበትዎ ይታዘዝዎ፣ ጥርስዎ አይነቃነቅ፤ ከሁሉም በላይ ግን ሰውን የሚያነሣና የሚጥል፣ የሰውን እንጀራ የሚሰጥና የሚነሳ ምላስዎን ፈጣሪ ከነሙሉ ክብሩ ይጠብቅልኝ፤ ለዚህ ደብዳቤ በጣም ያስፈልገኛልና።

ማንነቴን ላስተዋውቅ፤ ቀኑን ሙሉ አብረን ስንውል ስሜን ለመጠየቅ ጊዜ አላገኙም። ባለፈው ሳምንት አምስት ታላላቅ ምግብ ቤቶችን በአንድ ቀን ዞረው ሲቀምሱ፣ ከሕዝብ መካከል በዕጣ የወጣችው «የተመጋቢዎች ተወካይ» እኔ ነበርኩ። አረንጓዴ ካፖርት ለብሼ ከመኪናው የኋላ ወንበር ጥግ የተቀመጥኩት፣ እርስዎ «እማማ፣ ቀበቶ አይርሱ» ያሉኝ ሴት ነኝ። ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ ስሆን፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ለአለቆች ደብዳቤ በማርቀቅ ነው። ሰው ከሥራው ሲሰናበት «ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋፅኦ ከልብ እያመሰገንን» የሚለውን መስመር የማስገባላቸው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከዚህ በታች ምስጋና ባነበቡ ቁጥር ወንበርዎን ጠበቅ አድርገው ቢይዙ መልካም ነው።

ያልነገርኩዎት ሌላም ነገር አለ። ዓምና በመድረክ ላይ ሾርባዋን ያዋረዱባት የሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ምራቴ ናት። አማት ለምራቷ ስትሟገት ማየት ለእርስዎ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ለእኔም እንግዳ ነው። ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ ስንኮራረፍ የኖርን ሰዎች ነን። እኔ «ጨው ያንሰዋል» እላታለሁ፣ እሷ «እማዬ፣ የእርስዎ ምላስ እኮ ጨው ለምዶበት ነው» ትለኛለች፤ ልጄ በመካከላችን ተቀምጦ ዝም ብሎ ይበላል። ቢሆንም የዚያችን ልጅ ምግብ የመንቀፍ መብት የእኔ ብቻ ነው፤ ይህን መብት ለማንም ኮሚቴ በውክልና አልሰጠሁም። አቤቱታዎቼ እንደሚከተለው ቀርበዋል።

አንደኛ። ዓምና በደረጃ መስጫው ሥነ ሥርዓት ላይ ድምፅ ማጉያውን ጨብጠው «የእንጉዳይ ሾርባው ለምላስ እንግዳ የሆነ ምሬት አለው፤ ያዘጋጀችው ባለሙያም ምላሷን ብትመረመር አይከፋም» ብለው አነበቡ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ምራቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ለዚያች ቀን ብላ ያሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ነበር። እሷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ? ሰው በሺህ ዓይን መካከል ሲዋረድ ከመሳቅ ሌላ የሚደበቅበት የለውም። በሳምንቱ ሆቴሉ ከምድጃው አንሥቶ ቀዝቃዛው ክፍል አወረዳት፤ እዚያ ሰላጣ ይከተፋል፣ ፍራፍሬ ይላጣል፣ መቅመስ አያስፈልግም። ለቀልድዎ ውበት ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል፤ ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ሳይሞት የቆየ ቀልድ ብዙ አላውቅም።

ሁለተኛ። ምራቴ መቅመስ አቆመች። ከድስት ወደ መዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትልስ ክዳን የማትከድነዋ ልጅ፣ አሁን ማንኪያውን ይዛ ወደ ልጄ ትሄዳለች፣ ወደ እኔ ትመጣለች፤ «ይመርራል እንዴ?» ትለናለች። እህል ሁሉ፣ ሩዙም ድንቹም፣ ይመርራል እንዴ ይባልበታል። አንድ ቀን እኔ፣ አመስግኜያት የማላውቀው ሴትዮ፣ «ጥሩ ነው ልጄ፣ በጣም ጥሩ ነው» ብላት ፊቴን ትኩር ብላ አየችና ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ከእኔ አፍ ምስጋና ከወጣ ምግቡ በእርግጥ ተበላሽቷል ማለት ነው ብላ ነው። በቅርቡ ደግሞ ቢላዎቿን ለአንዲት ጓደኛዋ ሰጥታ፣ ከመጪው ወር መጀመሪያ አንሥቶ በመጋረጃ መሸጫ ሱቅ ለመቀጠር ተስማምታ መጣች። መጋረጃ አይመርም፣ አይጣፍጥም፣ ማንም ቀምሶ አይስቅበትም። ተወካይ ለመሆን ዕጣ ውስጥ የገባሁት ያን ሰሞን ነው፤ ሌላ ምንም ዓላማ አልነበረኝም፣ በቅርብ ሆኜ ላይዎት ብቻ ነበር። ጥላቻ በሩቅ አይመችም።

ሦስተኛ። አሁን ወደ ዕለቱ ልምጣ። ጠዋት ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ስንነሣ ከደረት ኪስዎ ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን አወጡ። ውስጧ ነጫጭ የሜንታ ከረሜላ ነበረባት፤ ክዳኗ ሲከፈት ከኋላ ወንበር ያለሁት እኔ እንኳ ዓይኔ እንባ አቀረረ። «የምላስ ማጽጃ» ብለው ለአባላቱ አደሉ። ምላስ እንደ ጥቁር ሰሌዳ መሆኑን፣ ከአንዱ ምግብ ቤት ወደ ሌላው ሲኬድ መጠረግ እንዳለበት፣ ይህንንም ዘዴ ራስዎ እንደፈለሰፉት አስረዱን። አባላቱም በትሕትና ተቀብለው ጉንጫቸው ሥር ወሸቁት። እኔ በሰው ሠራሽ ጥርሴ አሳብቤ ይቅርብኝ አልኩ።

የመጀመሪያው ምግብ ቤት ከረጅም ሕንፃ አናት ላይ ነበር፤ አሳንሰሩ ውስጥ ሙዚቃ አለ፣ የጠረጴዛው ልብስ ከሠርግ ቀሚሴ ይበልጥ ነጭ ነው። ገና ወንበር ከመሳባችን፣ ቤተሰብ በሚያበላ ሰፊ ሳህን መሐል አንዲት የኪያር ቁራጭ አረፋ ተቀብታ መጣች። እርስዎ ቀመሱና ግንባርዎን ቋጠሩ። አባላቱ የእርስዎን ግንባር አዩ፣ ቀመሱ፣ እነሱም ቋጠሩ። እኔም ቀመስኩ፤ ኪያር ነበር። ቀጥሎ የመጣው የተጠበሰ ዓሣ ግን የሁላችሁንም ፊት አበራው፤ እርስዎማ ዓይንዎን ጨፍነው «እሰይ!» አሉ።

ሁለተኛው አስተናጋጆቹ ነጭ ጓንት የሚያጠልቁበት በውኃ ዳር ያለው ቤት ነው። እዚያም ቀድማ የመጣችው የተቀቀለ ቀይ ሥር ናት፤ ግንባር ተቋጠረ። ቀጥሎ ዶሮ ከወይን ፍሬ ጋር መጣ፤ ግንባር ተፈታ። ሦስተኛው ቤት ከመጨለሙ የተነሣ የምበላውን ለማየት መነጽሬን ደጋግሜ ጠርጌያለሁ፤ እዚያ ደግሞ መጀመሪያ የቀረበው ሐብሐብ ነው። ሰው በሐብሐብ ግንባሩን ሲቋጥር ያየሁት የዚያን ዕለት ነው። ይበልጥ የገረመኝ ግን የባለቤቱ ሁኔታ ነበር፤ ሐብሐቡ ሲነቀፍ ምንም አልመሰለውም፣ እንዲያውም ሰዓቱን አየ።

ወደ አራተኛው ስንሄድ እጄን ዘርግቼ «እስቲ እኔም ልሞክራት» አልኩዎት። ደስ ብሎዎት ሁለት ሰጡኝ። ስለ ቸርነትዎ አመሰግናለሁ፤ በዕድሜዎ ከሰጡት ስጦታ ሁሉ ይህን ያህል የሚያስከፍልዎ ያለ አይመስለኝም።

በአራተኛው ቤት መጀመሪያ የቀረበልን በትንሽ ኩባያ የተቀዳ ትኩስ የካሮት ሾርባ ነበር። ካሮት፣ ክቡር ሆይ፣ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን የሚወደው ነገር ነው። አንድ ማንኪያ ብቀምስ እንደ እሬት መረረኝ፤ ትኩሱ ከሜንታው ቅዝቃዜ ጋር ተጋጭቶ ምላሴን ነከሰኝ። ቀና ብል ሁላችሁም ግንባራችሁን ቋጥራችኋል፤ የእኔም ተቋጥሯል። ለአንድ አፍታ ሙሉ የኮሚቴ አባል ሆንኩ። ከዚያ ውኃ ጠጣሁ፣ ዳቦ ቆረስኩ፣ እናንተ ስለ ካሮቱ መራራነት በጥልቀት ስትወያዩ ዝም ብዬ ጠበቅሁና እንደገና ቀመስኩ። የሚጣፍጥ የዋህ ካሮት ነበር። ማንኪያዬን አስቀምጬ ወደ እርስዎ ሳይ የምራቴ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። አልዋሽዎትም፣ ከፊቴ የተደረደሩትን ሹካዎች በየትኛው ብጀምር እንደሚሻል ለጥቂት ጊዜ ሳስብባቸው ቆየሁ።

አራተኛ። ይህ አቤቱታ የእርስዎን የቤተሰብ አስተዳደግ የሚመለከት ነበር። ልጄ አንብቦ «እማዬ፣ ይኼን ካላወጣሽው ፍርድ ቤት ብቻሽን ነው የምትቆሚው» ስላለኝ አውጥቼዋለሁ። ማወቅ ከፈለጉ በቃል እነግርዎታለሁ።

አምስተኛ። በዚያው በአራተኛው ቤት እጄን ልታጠብ ስነሣ ባለቤቲቱን፣ ሽቶዋ ቀድሟት የሚደርስ ዘናጭ ሴት ናት፣ መስታወት ፊት ከንፈሯን ስትቀባ አገኘኋት። ስለ ካሮቷ ላጽናናት ብሞክር ሳቀችብኝ። «አይ እማማ፣ ምን ያሳስብዎታል፣ የመጀመሪያዋ ሳህን እኮ ለከረሜላው ግብር ናት!» አለችኝ። «ትልልቆቹ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዋናው ምግብ የሚወጣው ከረሜላው ካለቀ በኋላ ነው።» ለምን ለሰብሳቢው አይነገራቸውም ብላት፣ «ማን ደፍሮ? ደግሞስ እኛ ምን ጎደለብን?» አለች። የማያውቁትስ ስላት የከንፈር ቀለሟን ከደነች።

ምራቴ ከማያውቁት ነበረች። ዓምና እናንተ ሆቴሏ ስትገቡ፣ ራት የሚጠብቁ እንግዶች አይቆዩም ብላ፣ ለቀናት የደከመችበትን ሾርባ እየጨሰ ከመቀመጣችሁ አቀረበችላችሁ። ጥፋቷ ይኸው ነው፤ ምርጧን አስቀደመች። ኪያር አስቀድማ ቢሆን ዛሬ ምድጃዋ ፊት ትቆም ነበር። ስንቱን ባለሙያ በዚህ መንገድ እንደቀበራችሁ አላውቅም፤ እናንተም አታውቁም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ አስበውበት ነው እል ነበር። እርስዎ ግን አስበው አይደለም፤ ከረሜላ እየመጠጡ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ እንድኩራራ ይፈቀድልኝ። አምስተኛው ምግብ ቤት አዲስ የተከፈተ ነበር፤ የመክፈቻው የአበባ ጉንጉን ገና ከበሩ አልተነሣም። ወጥ ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት፣ ምግብ አብሳይዋ መሆኗ ነው፣ የደረቀ እጇን በሽርጧ ደግማ ደጋግማ ታደርቃለች። እናንተ ጉንጫችሁን እንዳሳበጣችሁ ገባችሁ፤ እሷም የማታውቅ ነበረችና ምርጥ ሾርባዋን ትኩሱን ይዛ መጣች። ማንኪያዎን ሲያነሱ ብርጭቆዬን አቃጨልኩና ተነሣሁ፤ በተመጋቢዎች ስም ንግግር አደርጋለሁ አልኩ።

ያንን ንግግር እንደሚያስታውሱት አልጠራጠርም። ዕድሜዬን ለአለቆች ንግግር ስጽፍ አንድም ቀን ለበጎ ነገር እንደሚጠቅም አላሰብኩም ነበር። ኮሚቴውን አመሰገንኩ፣ የኮሚቴውን ንዑሳን ኮሚቴዎች አመሰገንኩ፣ ሾፌሩን፣ ወንበሩን የሠሩትን አናጢዎች፣ እስከ ዛሬ በልተን እንድናድር የረዱንን ገበሬዎች በየተራ አመሰገንኩ። ዓይኔን ግን ከጉንጭዎ አላነሣሁም። ጉንጭዎ ሥር ያለችው ጉብታ ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ እየቀነሰች ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ላበቃ ስል በጥርስዎ ስትንኳኳ ሰማኋትና ወደ ምስጋናው ሁለተኛ ምዕራፍ ተሻገርኩ። በመጨረሻም ለጤናዎ ውኃ እንጠጣ ብዬ ሁላችሁንም አንድ አንድ ብርጭቆ አስጨለጥኩ።

ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። እርስዎ ግን ቀመሱ፤ እንደገና ቀመሱ፤ «ድንቅ ነው!» አሉ። አባላቱም ድንቅ ነው አሉ። ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ውስጥ ሮጠች። እርስዎም በመኪናው ውስጥ ለጎረቤትዎ «እማማ ንግግር ትወዳለች» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ማታ ቤት ስገባ ለምራቴ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ግንባርዎን እንዴት እንደቋጠሩ እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት፤ ደግሜ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ከዚያ የተረፈኝን ሁለተኛውን ከረሜላ ከእጄ ተቀበለችና ወደ ጓዳ ገባች፤ እንጉዳይ ከተፈች፣ ድስት ጣደች። ሾርባው ሲደርስ ከረሜላውን አፏ ውስጥ አድርጋ መጠጠችና ቀመሰች። ወዲያው ተፋችው። አፏን ተጉመጠመጠች፣ ትንሽ ቆየች፣ እንደገና ቀመሰች። ጀርባዋን ሰጥታን ስለቆመች ፊቷን አላየሁም፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ብቻ አየሁ። ልጄ ሊጠጋት ሲል ያዝኩት። ኋላ ማንኪያውን ለማንም ሳታቀብል፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ፈረደች፤ «ጨው ያንሰዋል» አለች። ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ የምላትን ነገር ነው፤ ግን ያን ምሽት አልተከራከርኳትም።

ሱቁን ግን ገና እንቢ አላለችም። «እማዬ፣ እኔ ባውቀው ምን ዋጋ አለው? ሰው ሁሉ የሰማው እሳቸውን ነው» ትላለች። በመጪው ሳምንት የዘንድሮው ሥነ ሥርዓት ላይ የሚሉትን ሰምታ ልትወስን ቆርጣለች። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ የአንዲት ባለሙያ ዕድሜ ልክ ሙያ ዳግመኛ እርስዎ አፍ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ እንኳ አፍዎን ባዶ አድርገው ይጠብቁት።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅርታ ከልብ የሚመነጭ ስለሆነ በማያውቁት ነገር ላስቸግርዎ አልሻም። እርማት ብቻ ነው የምሻው። በዚያው መድረክ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ ዓምና ያንን ቃል ባነበቡበት ድምፅ፣ ሳያንሾካሹኩና ሳያስሉ፣ «ሾርባው አልመረረም፤ የመረረው የእኔ አፍ ነው» ብለው ያንብቡ። አረፍተ ነገሩን ራሴ አርቅቄልዎታለሁ፤ ለአለቆች ስጽፍ የለመድኩት ነውና አይቸገሩ። ከዚያ ሣጥኗን በሕዝብ ፊት ለጽዳት ሠራተኛው ያስረክቡ።

ላሳዩኝ መስተንግዶ፣ ላበሉኝ ሐብሐብ፣ ለቆረቆረኝ ወንበር፣ በነፃ ላገኘኋት ከረሜላና ምራቴን ለመጀመሪያ ጊዜ እንድወዳት ስላደረጉኝ የማይበርድ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ከወጥ ቤት እስከ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ እስከ ጋዜጣ በአክብሮት የምከተልዎ፣

የተመጋቢዎች ተወካይ፣ ባለ አረንጓዴ ካፖርቷ አማት

ግልባጭ፦
ለጋዜጦች ሁሉ
ለአስተናጋጆች ማኅበር

በኅዳግ፦ ምራቴ ይህን ደብዳቤ እንዳላወጣ ለምናኛለች፤ «ለእግዜር ይተዉት» ብላኛለች። ለእግዜር የሚሆነውን ትቼለታለሁ፤ ይኼኛው የተረፈው ነው። የአስተናጋጆች ማኅበር ሊቀ መንበር የምራቴ የቆየ የሥራ ባልደረባ ሲሆን፣ ግልባጩ የደረሰው ከእርስዎ ቀድሞ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ከተማ የትኛውም ምግብ ቤት ቢገቡ፣ በግል ቢሆን በሥራ፣ ከባለቤትዎ ጋር ቢሆን ከአለቃዎ ጋር፣ አስተናጋጁ ሳህንዎን ከማስቀመጡ በፊት ጎንበስ ብሎ፣ የጎረቤት ጠረጴዛ በሚሰማው ድምፅ «ክቡር ሆይ፣ አፍዎ ውስጥ ምንም የለም?» ብሎ በትሕትና ይጠይቅዎታል። ይህ ጥያቄ የሚቆመው ምራቴ «አሁንስ ይብቃቸው» ስትል ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ሩኅሩኅ ብትሆንም ለመናገር ትዘገያለች። እስከዚያው ድረስ አይቆጡ፤ አፍዎን ከፍተው ያሳዩ።